ሐሙስ ከሰዓት በፍሎረንስ

አክስቴ ለራሳቸው የሚሆኑት በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ። ጣሊያን አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች ዕረፍት ከድሮ ጀምሮ እንዲህ የተመደበ ስለሆነ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ባቡር ጣቢያው አካባቢ የማይሰማ ቋንቋ የለም። እሑድ ቅዳሴ አለባቸው። ስለዚህ «ከተማውን አብረን እንይ» ስንባባል የቀረችን ሐሙስ ብቻ ሆነች፤ እሷም ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት። አክስቴ የሚያስታምሟቸው ሲኞራ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ እራታቸው ደቂቃ እንዲያልፍ አይፈልጉም።

መንገዱ ራሱ አጭር ነው። ከሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን እስከ ፖንቴ ቬኪዮ፣ እስከ አሮጌው ድልድይ ማለት ነው፣ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከፒያሳ ተነስቶ አራት ኪሎን ትንሽ እንደ ማለፍ። እኛ አራት ሰዓት ሙሉ ፈጀንበት።

«ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር ቆሜ አይቼው አላውቅም» አሉኝ ገና ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ። «በዚህ በኩል ፋርማሲ፣ በዚያ በኩል ፖስታ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤት። ቀና ብሎ የሚያይ ቱሪስት ነው።» ቦርሳቸው ውስጥ ጃንጥላ፣ ውሃና በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ነበር። መስከረም ሊወጣ ሳምንት ያህል ቀርቶታል፤ ሰማዩ ዳመን ብሎ አልፎ አልፎ ያካፋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው አደባባይ ላይ ሁለት የእብነ በረድ ሐውልቶች ቆመዋል። ጣሊያን አገር ሹል ሐውልት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ «ከማን ወሰዱት?» የሚል ነው፤ የአክሱሙ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ ከስልሳ ዓመት በላይ ሮም ላይ መቆሙን የሚያውቅ ሰው ክፉ ልማድ ነው። እነዚህ ግን የራሳቸው ናቸው። የሜዲቺ መሳፍንት ያስጀመሩት የሠረገላ እሽቅድምድም ሲካሄድ መዞሪያ ምልክት ሆነው ያገለግሉ ነበር። ከሥራቸው የተሸከሟቸው የነሐስ ኤሊዎች ናቸው።

«ለእሽቅድምድም ኤሊ?» አሉ አክስቴ። የከተማው ሰው በአራት መቶ ዓመት ውስጥ ይህን ሳይቀልድበት የቀረ አይመስለኝም።

የቤተ ክርስቲያኑን ፊት፣ ነጭና አረንጓዴ እብነ በረዱን፣ ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ ነው የነደፈው፤ ያሠራው ጆቫኒ ሩቼላይ የሚባል የሱፍ ነጋዴ ነው። የቤተ ሰቡ ስም የመጣው ሱፍ ከሚነከርበት ቀለም ነው ይላሉ፤ ከድንጋይ ሽበት የሚወጣ ሐምራዊ ቀለም። ጆቫኒ ስሙንና 1470 የሚለውን ዓመት ከጣሪያው ሥር በትልልቅ ፊደል ከዳር እስከ ዳር አስቀርጾታል። አገራችን አሠሪው ሰውዬ ስሙ ቢጻፍም በሥዕሉ ግርጌ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ነው የሚታየው። አክስቴ ፊደሉን ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ እንጂ ምንም አላሉም።

ከዚያ ወደ ዱዎሞ፣ ወደ ካቴድራሉ በሚወስደው ጎዳና ስንሄድ አንድ አድራሻ እፈልግ ነበርና ቁጥሩ ግራ አጋባኝ። 20 የሚለው ቤት አጠገብ 42 አለ፤ ትንሽ አለፍ ሲል 22። «ቀዩ የሱቅ ነው፣ ጥቁሩ የሰው ነው» አሉ አክስቴ። ፍሎረንስ ውስጥ የንግድ ቤቶች በቀይ፣ መኖሪያ ቤቶች በሌላ ቀለም ለየብቻ ይቆጠራሉ። «መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን የተቀጠርኩበትን ቤት ስፈልግ ጫማ ሱቅ ገብቼ ሻንጣዬን አስቀምጫለሁ። ባለ ሱቁ ምን እንደሚያደርገኝ ጨንቆት ወንበር አቀረበልኝ።»

ዱዎሞ ዘንድ ስንደርስ ሰልፉ ቀጥኖ ነበር፤ ሊዘጋ ሲል ነው የደረስነው። ካቴድራሉ እ.ኤ.አ. በ1296 ተጀምሮ ሰፊውን ጉልላት እስኪለብስ ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቋል፤ የውጭ ፊቱ ደግሞ ከሁሉም ያንሳል። ያ ሁሉ ነጭ፣ አረንጓዴና ቀይ ጌጥ ተጠናቆ የተገለጠው በ1887 ግንቦት ላይ ነው። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ከደመሰሱ አራት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ይህንን ለአክስቴ ስነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «ታዲያ ማቅ ለብሰው ነዋ የመረቁት» አሉ።

ውስጡ ከውጩ ጋር ሲነጻጸር ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ጎብኚ ጉልላቱን አንጋጦ አይቶ ይወጣል። እኔ ግን ላያት የመጣሁት ወደ ኋላ ዞሮ ከዋናው በር በላይ የምትገኝ አንዲት ሰዓት ነበረች። መልኳን በ1443 የቀባት ፓኦሎ ኡቼሎ ነው። ጣቷ አንዲት ናት፤ የምትዞረውም እኛ ከለመድነው በተቃራኒ፣ ወደ ግራ ነው። ቁጥሮቹ ሃያ አራት ናቸው፤ ሃያ አራተኛው ሰዓት የሚሞላው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የዚያ ዘመን ጣሊያን ቀኑን ከምሽት ጀምሮ ይቆጥር ነበር፤ ሰዓቷም እስከ ዛሬ በዚያው ልማድ ትሠራለች።

አክስቴን እጃቸውን ይዤ ዞር አደረግኋቸው። «እትዬ፣ ፀሐይ ከገባች ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቺ ሰዓት ስንት ትላለች?»

«አንድ።»

«እኛስ?»

ዝም ብለው አዩኝ። «ከምሽቱ አንድ ሰዓት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሲኞራ መድኃኒታቸውን «በሦስት ሰዓት» ሲሉ እሳቸው በልባቸው «ዘጠኝ» እያሉ ሲመልሱ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ለካ የሲኞራ ቅድመ አያቶች ማታ ማታ የሚቆጥሩት እንደ እኛ ኖሯል። እርግጥ እኛ አሥራ ሁለት ላይ እንደገና እንጀምራለን፤ እነሱ እስከ ሃያ አራት ይዘልቃሉ። በዚያች ደቂቃ ጣቷ ሃያን ገና አለፍ ብላለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይቀራል ማለት ነው፤ ለአክስቴ ከእጅ ሰዓታቸው ይልቅ ይቺ ተስማማቻቸው።

የዘመን መለወጫቸውም ቢሆን ጥር መባቻ ላይ አልነበረም። ፍሎረንስ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ዓመቱን የምትለውጠው ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠረበት በዓል፣ መጋቢት 25 በሚሉት ቀን ነበር። ቀድሞ ይሠሩበት በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር ያ ቀን ከእኛ መጋቢት 29 ጋር አንድ ነው። የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ አራተኛ ይህንን ካቴድራል በ1436 የባረኩትም በዚሁ ዕለት ነው። አክስቴ መጋቢት 29ን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ጽንሰቱ ነው» አሉ፣ እንግዳ ነገር እንዳልሰማ ሰው።

ስለ ጉልላቱ ባልናገር ደስ ባለኝ፤ ያልተባለ ነገር የለም። ግን ቆሜ ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የተማረው ወርቅ አንጥረኝነት ነው። ከ1420 እስከ 1436 ይህንን የጡብ ተራራ ሲያቆም ከመሬት የተነሳ የእንጨት መደገፊያ አላቆመለትም፤ ጡቡን በዓሣ አጥንት ቅርጽ፣ አንዱን አጋድሞ ሌላውን አቁሞ ስለደረደረው እየተሠራ ራሱን በራሱ ይይዝ ነበር። ግንበኛ የሆነ ሰው ቢያየው ከእኔ ይልቅ ይገረማል። ወደ ላይ የሚያደርሱት ደረጃዎች 463 ናቸው። አክስቴ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው «እግዜር ይስጥልን» አሉ፤ ወደ ደጅ ወጣን።

የመጥምቁ ዮሐንስ ማጥመቂያ ቤት ከዱዎሞ ፊት ለፊት ነው። ምሥራቃዊው በር ላይ ሎሬንዞ ጊቤርቲ ከ1425 እስከ 1452 የደከመባቸው በወርቅ የተለበጡ አሥር የነሐስ ሰሌዳዎች አሉ፤ የገነት ደጆች የሚሏቸው። ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ የላይኞቹን ያነሳል፤ አዳምና ሔዋን እዚያ ናቸውና። እኛ ጎንበስ አልን። በቀኙ መዝጊያ የመጨረሻዋ ሰሌዳ ላይ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ ኋላቸው ቤተ መቅደስ፣ ግራና ቀኛቸው ግር ብሎ የመጣ ሕዝብ። በሌሎቹ ሰሌዳዎች ላይ ጊቤርቲ ከአንድ በላይ ታሪክ አጨናንቋል፤ እዚህ ላይ አንዱን ብቻ ተወው።

«ማክዳን ፈረንጅ አድርገዋታል» አሉ አክስቴ ጠጋ ብለው አይተው።

«የእኛም ሠዓሊ እኮ ጴጥሮስን የጎንደር ሰው ያደርገዋል፣ እትዬ።»

«ጴጥሮስ ሌላ፣ ማክዳ ሌላ።»

አልተከራከርኩም። ሊቃውንቱ ይህንን ሰሌዳ የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት መታረቅ ምሳሌ አድርገው የሚተረጉሙት አሉ፤ በ1439 የላቲንና የግሪክ ጳጳሳት አንድ ሆነናል ብለው ያወጁት እዚሁ፣ ከጉልላቱ ሥር ነበርና። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ኢየሩሳሌም ያለው ገዳማችን አበምኔት ኒቆዲሞስ የላካቸው የእኛ ሰዎችም ወደዚህ ከተማ ገብተዋል። በሩ ያን ጊዜ ገና በጊቤርቲ ሥራ ቤት ነበር። ሲሠራ አይተውት ይሆን እያልኩ ሳስብ አክስቴ የኪስ መሐረብ አውጥተው በአጥሩ በኩል የማክዳን ፊት ሊጠርጉ ሲንጠራሩ ደረስኩባቸው።

«ተዪው፣ ይሄ ቅጂ ነው!» አልኩ ደንግጬ፤ ከድንጋጤ የተነሳ አንቺ ብዬ። ዋናው በር በ1966 ኅዳር የአርኖ ወንዝ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ከፊል ሰሌዳዎቹ ተነቅለው ጭቃ ውስጥ ከወደቁ በኋላ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ አሁን ሙዚየም ውስጥ ነው።

«ቅጂ?» አሉ። መሐረቡን አጠፉት። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰው ምን ያቁነጠንጠዋል?»

ከዚያ በኋላ በየደረስንበት የሚጠይቁኝ ይህንኑ ሆነ፤ ይሄስ ዋናው ነው?

ከዱዎሞ ወደ ሲኞሪያ አደባባይ የሚወስደው ጎዳና ቪያ ዴይ ካልዛዩዎሊ ይባላል። እኔ ጣሊያንኛ አልችልም፤ የማውቀው ጣሊያንኛ ጋራዥና ወጥ ቤት የሰጠኝ ነው፦ ካቻቪቴ፣ ፍሬን፣ ቡሎን፣ ሳልሳ፣ ፎርኖ። የጎዳናው ስም ግን ሲነበብ ገባኝ። ካልዜ ካልሲ ነው፤ የካልሲ ሠሪዎች ጎዳና! በዚህ ደስታ ጀላቲ ገዛሁ። አክስቴ እዚያም ላይ አረሙኝ፤ ጀላቲ የሚባለው ብዙ ከሆነ ነው፣ አንዱ ጀላቶ ነው። አዲስ አበባ ስንት ዘመን አንዷን በብዙ ቁጥር ስንልስ ኖረናል።

በጎዳናው ወገብ ላይ ኦርሳንሚኬሌ አለ፤ ከላይ ጎተራ፣ ከታች ጸሎት ቤት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የእህል ገበያ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ከፎቁ እህል የሚወርደው በምሰሶው ውስጥ በተሠራ ቱቦ ነበር። ከውጭ በኩል በግድግዳው ዙሪያ የየሙያ ማኅበሩ ቅዱስ ቆሟል። የጦር መሣሪያ ሠሪዎቹ ድርሻ ጊዮርጊስ ነው፤ የዶናቴሎ ሥራ። አክስቴ አላወቁትም። ፈረስ የለውም፣ ጦር የለውም፤ ጋሻውን ከፊቱ ተክሎ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ የቆመ ጎረምሳ ነው። ከእግሩ ሥር ባለችው ጠባብ ድንጋይ ላይ ግን ሁሉም አለ፤ ፈረሱ፣ ዘንዶው፣ ብሩታዊትም። እሷን ሲያዩ ነው ያመኑት። አማተቡ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«ይሄስ?»

«ዋናው ባርጄሎ ሙዚየም ነው።»

«ይሁን» አሉ። «የደብሩ ታቦትም እኮ ውስጥ ነው፤ ውጭ የሚታየው ሥዕሉ ነው።» እኔ ስለ ቅጂና ስለ ዋና ያነበብኩት ሁሉ ይህንን ያህል አልጠቀመኝም።

አዲሱ ገበያ በሚሉት መጠለያ ሥር ያለውን የነሐስ ከርከሮ እያለፍን ሳለ ሰው ተሰልፎ አፍንጫውን ሲያሻሽ አየን፤ ዕድል ያመጣል ብለው ነው። አፍንጫው ከመታሸት ብዛት ወርቅ መስሏል። አክስቴ ይሄኛው ቅጂ ይሁን ዋና አልጠየቁም፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ራቅ ብለው አለፉ። (ቅጂ ነው።)

የሲኞሪያን አደባባይ ፈጥነን አለፍነው፤ ዝናቡ ጠንከር ብሏል። ዳዊት እዚያ ነው፤ ሚኬላንጄሎ የቀረጸው በ1504 ቆሞ እስከ 1873 ዝናብ ሲወርድበት ኖረና ገባ፣ ምትኩ በ1910 ቆመ። ሳቮናሮላ የሚባለው መነኩሴ በ1498 የተቃጠለበት ቦታ መሬቱ ላይ በክብ ድንጋይ ተለይቷል፤ ሰው ሳያውቀው ይረግጠዋል።

በኡፊዚ ግቢ መጠለያ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ድፎውን ቆረስን። ኡፊዚ ማለት ቢሮዎች ማለት ነው፤ ቫሳሪ በ1560 ሥራውን የጀመረው ለሜዲቺው መስፍን ለኮሲሞ ቀዳማዊ ሹማምንት መሥሪያ ቤት ይሆን ዘንድ ነበር። ጠዋት ብቻዬን ገብቼ ነበርና ያየሁትን ነገርኳቸው። ሰዉ ወደ ቦቲቼሊ ክፍል ሲሮጥ በረጅሙ መተላለፊያ ከጣሪያው ሥር ባለው የሥዕል ድርድር ውስጥ አንድ ጠይም ፊት ነበር የምፈልገው። አንገቴን አቅንቼ ስሄድ ለጠባቂው የታመምኩ ሳልመስለው አልቀርም። ልብነ ድንግል ናቸው። ስማቸው በላቲን ፊደል አታናዲ ዲንጊል ተብሎ ተጽፏል፤ ዕጣነ ድንግል ማለት ነው፣ ሌላው ስማቸው።

«እንዴት እዚህ መጡ?»

ፓኦሎ ጆቪዮ የሚባል የታሪክ ጸሐፊና ጳጳስ ኮሞ ሐይቅ ዳር ቤት ሠርቶ የዓለምን ታላላቅ ሰዎች ሥዕል ይሰበስብ ነበር። ኮሲሞ በ1552 ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞን ልኮ ያስገለብጥ ጀመር፤ ሠዓሊው በዚህ ሥራ ብቻ አረጀ። ልብነ ድንግል ደግሞ በጆቪዮ ዘንድ እንግዳ አልነበሩም። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ከአገራችን ይዞት የመጣውን ደብዳቤያቸውን በ1533 ቦሎኛ ላይ የተቀበሉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌሜንት ሰባተኛ ሜዲቺ ናቸው፣ የዚህ ከተማ ልጅ፤ ጆቪዮም የእሳቸው ባለሟል ነበር። የክሌሜንት አባት ጁሊያኖ ቅድም ሰዓቷን ባየንበት ካቴድራል ውስጥ፣ በቅዳሴ መካከል፣ በ1478 በጩቤ የተገደለው ነው። ደብዳቤው ሲነበብ አገር ቤት የግራኝ ጦርነት ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል። ንጉሡ በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሲያርፉ አገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር፤ ክሪስቶፋኖ ብሩሹን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

አክስቴ ዳቧቸውን ይዘው ቆዩ። «እሳቸውም ቅጂ ናቸዋ» አሉ።

«የቅጂ ቅጂ።»

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፖንቴ ቬኪዮ በ1345 የተሠራ ነው፤ የሥጋ ነጋዴዎች ነበሩበት፣ ሽታው የጊዜውን መስፍን ቢያስመርረው በ1593 ለወርቅ ሠሪዎች ተሰጠ። በ1944 ነሐሴ ጀርመኖች ሲሸሹ የከተማውን ድልድዮች ሁሉ አፍርሰው ይህንን ብቻ ተዉት፤ ግን መግቢያውን ለመዝጋት በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ቤቶች በፈንጂ ናዱ። ዳርና ዳሩ ያሉት ሕንፃዎች አዲስ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

አክስቴ አንዱ መስኮት ፊት ቆመው የአንገት ሐብሎቹን አንድ በአንድ አዩ። «ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ አሉ?» አሉኝ ሳይዞሩ። የማውቀውን ነገርኳቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር መፍረሱን፣ መንገዱ መስፋቱን። ዶሮ ማነቂያን ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ሌላ ስም ጠሩ፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ። የሚጠሯቸው ቤቶች አንዳንዶቹ እኔ ከመወለዴ በፊት የነበሩ ናቸው፤ አሉ የሉም የምለው አጣሁ። መስታወቱን በጣታቸው መታ አድርገው፣ «ሥራው እንኳ የእኛ ይሻላል» አሉና ተራመዱ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። አውቶቡስ ፌርማታው ዘንድ ስንጠብቅ ትዝ አለኝ፤ የወሩ የመጀመሪያው እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ ነው የሚገባባቸው፤ ያ ደግሞ የሚመጣው እሑድ ነው። «እትዬ፣ ሄደው ልብነ ድንግልን ይዩዋቸው እንጂ! ብዙ አያስኬድም፣ ሊፍትም አለው።»

«እሑድ ቅዳሴ አለ።»

«ከቅዳሴ በኋላ።»

«ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ አለ። ተራው የእኔ ነው።» አውቶቡሱ መጣ። አንድ እግራቸውን አሳርገው ዞሩ። «ደግሞ ንጉሡም ቢሆኑ ቅዳሴ ትተሽ ነይ አይሉኝም» አሉና የተረፈውን ድፎ ከነፎይሉ በእጄ ላይ አኑረው ገቡ።